ሰዓቱ የሚቆጠረው ከዓርብ ማታ ነው

«ሲስተር፣ እንደምን ከርመዋል? የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን ነው። የሦስተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ፤ ትውልዴ መንዝ ነው። ፍሬሽ እያለሁ የድሮ ፈተናና ቀልድ የምለጥፍበት የቴሌግራም ቻናል ከፍቼ ነበር። አንድ ቀን ስለ ኮንዶም ከቲክቶክ ያገኘሁትን ተርጉሜ ብለጥፈው ከፈተናዎቹ ሁሉ በለጠና ተነበበ። ከዚያ ወዲህ የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሉ የዚህ ዓይነት ሆነ። ስማቸውን ሳይናገሩ እንዲጠይቁኝ ብዬ ቦት (ቴሌግራም ላይ መልእክት የሚቀበልና በራሱ የሚመልስ ፕሮግራም) ሠራሁ። ግቢ ውስጥ አሁን የሚጠሩኝ ‹ዶክ› ብለው ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ልጅ እንዲህ ብላ ላከችልኝ፦ ‹ትናንት ማታ ከጓደኛዬ ጋር ያለ ኮንዶም ተኛን። እኔ ዛሬ ይቅር ብዬው ነበር፣ አልሰማኝም። ፔሬድ ካየሁ ዐሥረኛ ቀኔ ነው። ምን ላድርግ?› ኔትወርክ ስላልነበረ ያየሁት ማታ ነው። እርግጠኛ ስላልሆንኩ ስሟን አጥፍቼ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። አስተያየቱ ጎረፈ። አንዱ ‹ዐሥረኛ ቀን ሴፍ ነው፣ አትጨነቂ›፣ አንዷ ‹ፖስትፒል ማህፀን ያደርቃል፣ እንዳትነኪው›፣ ሌላው ሎሚና ጨው በጥብጣ ትጠጣ፣ አንዱ ደግሞ ‹መድኃኒቱ እኔ ጋ አለ፣ በውስጥ አውሪኝ› ይላል። ስከራከር ቆይቼ ማክሰኞ ማታ ‹ፖስትፒል 24 ሰዓት ካለፈው አይሠራም፣ እንግዲህ ፔሬድሽን ጠብቂ› ብዬ መለስኩላት። ከዚያ በኋላ አልጻፈችልኝም።

የዶርም ጓደኞቼ ግማሹ የግቢ ጉባኤ ልጆች ናቸው፤ ‹የምታሰራጨው ብልግና ነው፣ ዝጋው› ይሉኛል። ሌሎቹ ‹አንተ ባትኖር ማን ይነግረን ነበር?› ይላሉ። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ልዝጋው? ልጅቷንስ ምን ልበላት?

‹ዶክ›፣ ከደብረ ብርሃን»

ወንድሜ፣ ስለ ቻናልህ ኋላ እንነጋገራለን። የልጅቷ ነገር ገና ስላላለቀ ከእሷ እንጀምር።

የነገርካት ልክ አይደለም። ፖስትፒል የምንለው ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ፣ ማለትም 1.5 ሚሊ ግራም ሊቮኖርጀስትሬል፣ 24 ሰዓት ስላለፈ ሥራውን አያቆምም። የሚመከረው በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲወሰድ ነው፤ በፈጠነ ቁጥር ይበልጥ ይሠራል። ከዚያም በኋላ ጉልበቱ እየቀነሰ እስከ 5 ቀን ድረስ ሊረዳ ይችላል። እስቲ በጣትህ ቁጠር። ነገሩ የሆነው ዓርብ ማታ ነው። 72ቱ ሰዓት የሞላው ሰኞ ማታ፣ አምስቱ ቀን የሞላው ደግሞ ረቡዕ ማታ ነው። አንተ «አይሠራም» ብለህ የጻፍክላት ማክሰኞ ማታ ነው። በማግስቱ ጠዋት ጤና ጣቢያ ብትሄድ ገና ጊዜ ነበራት። በእነዚያው አምስት ቀናት ውስጥ በባለሙያ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው የመዳብ ሉፕ ደግሞ ከክኒኑም በላይ አስተማማኝ ነው። ይህን ከእነዚያ ሁሉ አስተያየት ሰጪዎች አንዱ እንኳ አላነሳላትም።

ያላነሱት ሌላም አለ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ኤች አይ ቪ የሚል ቃል ከልጅቷም፣ ከግሩፑም፣ ከአንተም አልወጣም። ሁላችሁም የፈራችሁት ሆድ መግፋቱን ነው። እኛ ተማሪ በነበርንበት ዘመን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። በየትምህርት ቤቱ የፀረ ኤድስ ክበብ ነበር፤ «መታቀብ፣ መወሰን፣ መጠቀም» የማይል ግድግዳ አልነበረም። ስለ ቫይረሱ በቃላችን እንወጣው ነበር፤ እርግዝና እንዴት እንደሚመጣ፣ እምቢ ያለች ሴት ምን መብት እንዳላት ግን ማንም አልነገረንም። የእናንተ ዘመን ደግሞ ቫይረሱን ረሳው። ለማንኛውም፣ ለኤች አይ ቪ ተጋልጫለሁ ብሎ የሚሰጋ ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀምረው መከላከያ መድኃኒት አለ። ለ28 ቀን ይወሰዳል። ከ72 ሰዓት በኋላ ግን አይጀመርም፤ እንደ ፖስትፒል «እስከ አምስት ቀን» የሚባል ነገር የለውም። ይኼኛው ሰኞ ማታ አልፏታል።

ስለዚህ ሰው ሁሉ ቲክቶክና ቴሌግራም ሐሰት ያስተምራሉ እያለ ሲያማርር ብሰማም፣ በአንተ ደብዳቤ ውስጥ እኔን ያሳሰበኝ ሐሰቱ ብቻ አይደለም። ሐሰት በአንድ ትክክለኛ አረፍተ ነገር ይታረማል። ከቅዳሜ ጠዋት እስከ ማክሰኞ ማታ ያለፈው ጊዜ ግን በምንም አይታረም። ጠያቂዋ ጠበቀች፣ አንተ ጠበቅህ፣ ግሩፑ ተከራከረ። ትክክለኛው መልስ ከክርክሩ መሐል ወጥቶ ቢሆን እንኳ የወጣው ዘግይቶ ነበር። ኔትወርክ መጣ ሄደ በሚባልበት በእኛ አገር ደግሞ ይኼ ብርቅ አይደለም። ቪዲዮው በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ እየተሻገረ ዶርም ለዶርም ይዞራል፤ የጠያቂዋ መልእክት ግን ሳይነበብ ይቀመጣል።

አሁን ወደ አንዲት ቃል ልመልስህ። «ዛሬ ይቅር ብዬው ነበር፣ አልሰማኝም።» ይህን የጻፈችው እሷ ናት፤ ቀድተህ የላክልኝ አንተ ነህ። ግሩፑ ላይ ስትለጥፈውም አብሮ ነበር። ስለ ዐሥረኛው ቀን የተከራከረ አለ፣ ስለ ማህፀን የተከራከረ አለ፤ በዚህች ቃል ላይ ቆም ያለ ግን የለም። ሁሉም ለእሷ መመሪያ ሰጣት፤ ጠጪ፣ አትጠጪ፣ ቁጠሪ፣ ጠብቂ። ስለ ልጁ የጠየቀ የለም። ጓደኛዋ ስለሆነ ነገሩ የሁለቱ የግል ጉዳይ መሰላችሁ።

ጓደኛ መሆን ፈቃድ አይሆንም። ሐሙስ እሺ ማለቷ ለዓርብ ፈቃድ አይሆንም። ክፍሉ ድረስ አብራው መሄዷም እንዲሁ። ያለፈቃድ በኃይል ወይም በማስፈራራት የተፈጸመ ግንኙነት በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 620 መሠረት አስገድዶ መድፈር ነው፤ ቅጣቱም ከ5 ዓመት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። የዓርቡ ማታ ይህ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን እኔ ከዚህ ሆኜ አልፈርድም፤ አንተም አትፍረድ። ያን ማታ ምን እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት፤ ስሙንም የምትሰጠው እሷ ናት። ልትከስም ላትከስም ትችላለች። ይሁንና እንዲህ ያለ ቃል የምትጽፍ ልጅ ከክኒን በፊት «ደህና ነሽ? አሁን ያለሽበት ቦታ ያሰጋሻል?» ብሎ የሚጠይቃት ሰው ያስፈልጋታል። በአንዳንድ ሆስፒታሎች ለእንዲህ ያለ ጉዳት ሕክምናውን፣ የሥነ ልቦና ድጋፉንና የሕግ ጉዳዩን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ክፍል አለ። ባይኖርም፣ ሐኪም ዘንድ ለመቅረብ ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ሕክምናው ይቀድማል።

የሕጉን ነገር ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር፤ በቻናልህ ላይ ሲጠየቅ ስትሸሸው እንደምትኖር እገምታለሁ። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ፅንስ ማቋረጥ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። አንዱ እርግዝናው በመደፈር ወይም በዘመዳሞች መካከል በተፈጸመ ግንኙነት የመጣ ሲሆን ነው። ለዚህም የተጠቂዋ ቃል በቂ ነው፤ ተከሳሽ ቀርቦ፣ ፍርድ ቤት ወስኖ አይባልም። የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ፅንሱ የማይድንና ከባድ ችግር ሲኖርበት፣ ወይም ልጅቷ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ሆና ልጅ ለማሳደግ ዝግጁ ሳትሆን ስትቀር እንዲሁ። ይህ በጤና ተቋም፣ በባለሙያ የሚደረግ ነው። «መድኃኒቱ እኔ ጋ አለ፣ በውስጥ አውሪኝ» ያለው ሰው ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። የሚሸጠው ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሚወሰድ፣ ደም ቢበዛ ወዴት እንደሚኬድ አይነግራትም፤ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ አካውንቱን ያጠፋል። እሱን ከግሩፑ ዛሬ አስወጣው።

በግሩፑ ላይ የተባሉትን ሌሎች ነገሮችም ባጭር ባጭሩ ልለፋቸው። «ዐሥረኛ ቀን ሴፍ ነው» የሚለው ብዙ ልጃገረድ ያስለቀሰ ነው። እንቁላል የምትወጣው የሚቀጥለው የወር አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ነው፤ ቆጠራው ወደ ኋላ ነው፣ ያውም መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ ከታወቀ። የወንድ ዘር ደግሞ ሴቲቱ ሰውነት ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ዑደቷ 26 ቀን የሆነች ልጅ 12ኛው ቀን አካባቢ እንቁላል ብትለቅ፣ በዐሥረኛው ቀን የሆነው ሁሉ እዚያ ይጠብቃታል። በፈተና ሰሞን እንቅልፍ ሲጠፋና ምግብ ሲዛባ ዑደቱም ይዛባል።

«ፖስትፒል ማህፀን ያደርቃል» የሚለውን ከመንዝ እስከ ሸዋ ሮቢት የማይለው ሰው የለም። አያደርቅም። ሥራው እንቁላል የምትለቀቅበትን ጊዜ ማዘግየት ነው፤ የጀመረ እርግዝና አያስወርድም፣ ወደፊትም መውለድን አይከለክልም። የሚቀጥለውን ፔሬድ ሊያስቀድመው ወይም ሊያስዘገየው ይችላል፣ ማቅለሽለሽም አለው። ከወሰደች በኋላ በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ድጋሚ መውሰድ ያስፈልጋታል። የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ወይም ኤፋቪሬንዝ የምትወስድ ልጅ ለባለሙያው መንገር አለባት፤ ጉልበቱን ይቀንሱታል። እንደ ከረሜላ በየሳምንቱ የሚወሰድ ግን አይደለም፤ በማግስቱ ለሚደረግ ግንኙነት አይከላከልም፣ ለአባላዘር በሽታም ምንም አያደርግም። ደጋግማ የምትፈልገው ከሆነ መርፌው፣ ክንድ ላይ የሚቀበረው ወይም በየቀኑ የሚዋጠው ክኒን እጅግ ይሻላታል። ማህፀንንና መውለድን በእውነት የሚጎዳውን ከፈለጋችሁ ሳይታከም የቆየ ጨብጥና ክላሚዲያ ነው። ሁለቱም በብዙ ሴቶች ላይ ምልክት ሳያሳዩ ይቆያሉ። ግሩፑ የሚፈራውና የሚያሰጋው ቦታ ተለዋውጠዋል።

ሎሚና ጨው? ለሰላጣ ያድርጉት።

እንግዲህ ዛሬ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ልጅቷ ምን ማድረግ ትችላለች? የእርግዝና ምርመራው አሁን የሚታመንበት ጊዜ ላይ ደርሷል፤ ከግንኙነት በኋላ 3 ሳምንት ከሆነ በሽንት የሚደረገው ምርመራ በቂ ነው፣ የጠዋት ሽንት ቢሆን ይመረጣል። ከመድኃኒት ቤት ገዝታ ራሷ ማድረግ ትችላለች። የኤች አይ ቪ ምርመራ አሁን ታድርግ፣ በ3 ወሩ ደግሞ ትድገመው። የአሁኑ ነፃ ቢላትም የዓርቡን ማታ ላያሳይ ይችላል፤ ሰውነት ምርመራው የሚያገኘውን ነገር ለመሥራት ጊዜ ይወስድበታል። እዚያው ሳለች የቂጥኝ ምርመራም ትጠይቅ፤ ፈሳሽ፣ ማቃጠል ወይም የሆድ ሕመም ካለም ሳታፍር ትናገር።

«ሳታፍር» ማለት ቀላል ነው፤ የዞናችንን ነገር አውቀዋለሁ። ደብረ ብርሃን ትልቅ ከተማ ሆናለች ቢባልም ከሞረትና ጅሩ፣ ከአንኮበር፣ ከመንዝ የመጣ ሰው በየመንገዱ አለ። በገበያ ቀን መድኃኒት ቤት ደጃፍ ብትቆም አክስቷን አታገኝም ማለት አይቻልም። በአዋላጅነት በሠራሁበት ዘመን ብዙ ልጃገረድ ያስመለሰው ሐኪሙ አይደለም፤ ካርድ ክፍሉ ነው። ወረፋው ረጅም ነው፣ መስኮቱ ጠባብ ነው፣ ጸሐፊዋ ከመስታወቱ ወዲያ ሆና «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ብላ ድምጿን ከፍ ታደርጋለች፣ ከኋላ የቆመው ሁሉ ጆሮውን ያቀናል። ልጅቷ «ራሴን» ትልና አጠቃላይ ሕክምና ክፍል ትላካለች፤ እዚያ ፓራሲታሞል ይታዘዝላታል፤ ትወጣለች። ይህን ስንት ጊዜ አየሁት።

ስለዚህ ለመስኮቱ የሚሆን ቃል ንገራት፤ «ቤተሰብ እቅድ ነው የመጣሁት።» በቃ። ማብራሪያ አያስፈልግም፣ ያገባች ነሽ ወይ የሚል ጥያቄም መልስ አይገባውም። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቤተሰብ እቅድ አገልግሎትም የኤች አይ ቪ ምርመራም በነፃ ነው። ወደ ክፍሉ ከገባች በኋላ በሩ ሲዘጋ ለአዋላጇ የሆነውን ሁሉ ትንገራት። አንዳንዱ ጤና ጣቢያ ለወጣቶች የተለየ ክፍል አለው፤ እሱን መጠየቅ ይቻላል። ከሰዓት በኋላ ወረፋው ይቀላል። የግቢው ክሊኒክ ከከበዳት ከምትኖርበት ራቅ ያለ ቀበሌ ያለ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ ባጃጅ ተሳፍራ ትደርሳለች። አብራት የምትሄድ አንዲት ጓደኛ ካለቻት ደግሞ ግማሹ ጭንቀት ይቀላታል።

አሁን ወደ ቻናልህ። አትዝጋው። ብትዘጋው ጠያቂዎቹ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄዱ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል፤ የሚሄዱት ወደዚያ መድኃኒት ሻጭ ነው።

የግቢ ጉባኤ ጓደኞችህን አትናቃቸው። እነሱ የሚሰጉለት ነገር አለ፤ የእምነታቸው ትምህርት መታቀብን ነው፣ መታቀብም በጤና ረገድ የሚያዋጣ ምርጫ ነው፤ የመረጠውን ሰው ማገዝ እንጂ ማሾፍ አይገባም። ነገር ግን ያወቀ ሁሉ ይባልጋል የሚለው ስጋት በጥናት አልተደገፈም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 አሻሽሎ ባወጣው መመሪያ ከብዙ አገር የተሰበሰበውን ጥናት አይቶ የደረሰበት፣ ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና በአግባቡ መማር ወጣቶችን ወደ ግንኙነት አያቻኩልም የሚል ነው። ለጓደኞችህ አንድ ጥያቄ አቅርብላቸው፦ ያቺ ልጅ የእህታችሁ ዶርም ውስጥ ያለች ብትሆን ቅዳሜ ጠዋት ምን እንድትባል ትፈልጉ ነበር? ከዚያ ተነስታችሁ ብትነጋገሩ ትግባባላችሁ ብዬ አስባለሁ።

ሆኖም ቻናሉ እስከ ዛሬ በሄደበት መንገድ ይቀጥል አልልህም። ወደ አንተ የሚመጡት ጥያቄዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። ሰዓት የማይቆጥሩ አሉ፤ ኮንዶም ከቫዝሊን ጋር ይሆናል ወይ? አይሆንም፣ ቅባት ላቴክሱን ያሳሳዋል። ሁለት መደረብስ? አይረዳም። ድንግልና በምርመራ ይታወቃል ወይ? አይታወቅም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ይህ ምርመራ የሚባለው ነገር ሳይንሳዊ መሠረት የሌለው ስለሆነ እንዲቀር ጠይቋል። የማህፀን በር ካንሰር ክትባትስ? በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር የተከተቡት ልጆች ዛሬ እናንተ ግቢ ደርሰዋል፤ ምን እንደተወጉ የማያውቁ ብዙ ናቸው። በዚህ ላይ ጻፍ፣ ቀልድህንም ጨምርበት፣ ጊዜ ወስደህ አጣርተህ ለጥፍ። እዚያው ደብረ ብርሃን በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም በተሰየመው የጤና ሳይንስ ካምፓስ አዋላጅነትና ነርሲንግ የሚያስተምሩ መምህራን አሉ። ከመለጠፍህ በፊት ጽሑፍህን እንዲያዩልህ አንዱን ጠይቅ። እምቢ የሚሉህ አይመስለኝም፤ ተማሪው የት እንደሚያነብ እነሱም ያውቃሉ።

ሌሎቹ ሰዓት የሚቆጥሩ ናቸው፤ ያልተጠነቀቀ ግንኙነት፣ የተቀደደ ኮንዶም፣ መደፈር፣ የበረታ ደም፣ ኃይለኛ የሆድ ሕመም። እነዚህን አንተ አትመልስም። ግሩፑም አይመልስም፤ የማንንም የግል ጥያቄ፣ ስሙ ቢጠፋም፣ ለሕዝብ አትለጥፍ። በዚያች ትንሽ ግቢ ውስጥ «ዐሥረኛ ቀኔ ነው» የሚለውን አንብባ የዶርሟን ልጅ የምትለይ አትጠፋም። ለእነዚህ ጥያቄዎች ቦትህ ራሱ፣ አንተ ተኝተህም ሆነ ፈተና ላይ ሆነህ፣ ወዲያው የሚልከው አጭር መልስ ይኑረው፦ ከሆነ 72 ሰዓት ካልሞላው ዛሬውኑ፣ ሌሊት ቢሆን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፤ ለእርግዝና መከላከያውም ለኤች አይ ቪ መከላከያውም ጠይቂ፤ ከ3 ቀን በላይ ከሆነው፣ 5 ቀን ካልሞላ፣ አሁንም ሂጂ፤ ካለፈም ለምርመራ ሂጂ። ለወንዶቹም እንዲሁ ይጻፍ፤ የኤች አይ ቪው መከላከያ የሴት ብቻ አይደለም። ቦት የሠራ እጅ ይህን ለመጨመር አንድ ምሽት አይፈጅበትም።

ቦቱን ካነሳን ዘንድ፣ «ስም አልባ» ብለህ ያስተዋወቅከው ነገር ስም አልባ አይደለም። ሰው ለቦት ሲጽፍ የአካውንቱ መለያ ቁጥርና ስሙ ለቦቱ ይደርሳል፤ ቦቱን የሚያስተዳድረው ሰው ከፈለገ ያየዋል። ተራው የቴሌግራም ንግግርም በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቆለፈው «ሚስጥራዊ ንግግር» የሚባለው ብቻ ነው። ያንተ ላፕቶፕ ደግሞ ዶርም ውስጥ ፊልም ለማየት እጅ ለእጅ እንደሚዞር አልጠራጠርም። ስለዚህ ለተጠቃሚዎችህ እውነቱን ንገራቸው፣ የድሮውን መልእክት ሁሉ አጥፋ፣ በስልክህና በላፕቶፕህ ላይ ለቴሌግራም መክፈቻ ቁጥር አድርግለት። የሰውን መልእክት ስክሪንሹት አንስቶ ማስፈራሪያ የሚያደርግ ሰው ቢገጥማችሁ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዳለ ይወቅ።

«ዶክ» የሚለውንም ስም ከቻናሉ ላይ አንሳ። ጓደኞችህ በቀልድ ይጥሩህ፤ በጭንቀት ላይ ያለች ልጅ ግን ቀልዱን አታውቅም።

ለልጅቷ ዛሬ ማታ የምትልከው ይህን ይሁን። እኔ የጻፍኩትን እንዳለ ብትወስደው አይከፋኝም፤ ራስህን ለማስረዳት ግን አታርዝመው።

«ሰላም ነሽ? ማክሰኞ የነገርኩሽ ትክክል አልነበረም፤ ይቅርታ። ‹ይቅር ብዬው ነበር፣ አልሰማኝም› ያልሽውን አሁን ነው በደንብ ያነበብኩት። ያ ያንቺ ጥፋት አይደለም። የእርግዝና ምርመራ አሁን ማድረግ ትችያለሽ። የኤች አይ ቪም አሁንና ከሦስት ወር በኋላ። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ‹ቤተሰብ እቅድ› ማለት ይበቃሻል፣ ነፃ ነው። ውስጥ ለአዋላጇ የሆነውን ብትነግሪያት የሕግም የጤናም መንገድ አለ። ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ የምታምኛትን ሴት ይዘሽ ሂጂ። ለእኔ መመለስ አይጠበቅብሽም። መልእክትሽን ከእኔ ዘንድ አጥፍቼዋለሁ።»

የመጨረሻውን አረፍተ ነገር ከመላክህ በፊት በእርግጥ አጥፋው፤ ግሩፑ ላይ የለጠፍከውንም ከነአስተያየቱ። ባትመልስልህ ድጋሚ አትጻፍላት። ማን እንደሆነች ለማወቅም ዶርም ለዶርም አታጠያይቅ። አንብባው እንደሆነ ላታውቅ ትችላለህ፤ መላክህ ይበቃል።